ጨው የበላት ሲኒካ

ውድ አባዬ፣

ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም። አንተም ጽፈህልኝ አታውቅም፤ ባለፈው ማክሰኞ በደረሰኝ እሽግ ላይ የለጠፍካትን ቁራጭ ወረቀት ካልቆጠርናት በቀር። እኔ ግን ቆጥሬያታለሁ። ለእሷ መልስ ልጽፍ ነው ከሥራ እንደገባሁ የአውቶቡስ ሹፌር ልብሴን እንኳ ሳላወልቅ የተቀመጥኩት። በስልክ አልሞክረውም፤ እኔና አንተ በስልክ እንደማይሆንልን አሁን ገብቶኛል።

መጀመሪያ ከባዱን ልናዘዝ። ሐሙስ ዕለት አንድ ሰው ሲኒካን ጭኖ ወደ ቁርጥራጭ ብረት መጭመቂያው ሊወስዳት ተቀጣጥረን ነበር። ሰማያዊ ስለሆነች እማዬ በቀለሟ ስም ያወጣችላትን፣ አንተ ሃያ ሁለት ዓመት ነድተህ እንደ አዲስ ያስረከብከኝን መኪና። ለአንተ ደግሞ «ጥሩ ሰው አግኝቼ ሸጥኳት» ልልህ ነበር። ውሸቱን እንኳ ተለማምጄዋለሁ።

ቁልፏን የሰጠኸኝ ቀን ትዝ ይልሃል? ደቡብ ቱርኩ ከተማ ሥራ አግኝቼ ልሄድ ሻንጣዬን ጭኛለሁ፤ አንተ ደግሞ በበረዶው ላይ በጀርባህ ተኝተህ ሆዷን በባትሪ ታያለህ። ተነሥተህ ጀርባህን እያራገፍክ ያልከኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ስሚ። ብርድ መኪና አይገድልም። ብርዱ ሲጠና ዝገትም ይተኛል። መኪና የሚገድለው ለብ የሚለው አገር ነው፣ ሲቀልጥ ሲረጋ የሚውለው። እዚያ ታች በላዩ ላይ ጨው ይበትኑበታል።»

«አውቃለሁ አባዬ።»

«አታውቂም። በሳምንት አንዴ እጠቢያት። ከሥር። ከላይማ ማንም ያጥባል።»

ስቄ ነበር። ሰሜን ጫፍ ሳቩኮስኪ ተወልዶ ላደገ ሰው ጨው የሚታወቀው ድስት ውስጥ ነው። የእኛ መንገድ በረዶው ተጠቅጥቆ፣ አሸዋ ተነስንሶበት ነጭ እንደሆነ ይከርማል፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሲሆን ሲኒካ በኤሌክትሪክ የሞተር ማሞቂያው ገመድ ሌሊቱን ስትሞቅ አድራ ጠዋት እህ ሳትል ትነሣለች። አክስቴ ኬርቱ እስፔን ይዛት የሄደችው መኪና እንኳ፣ ዝገት ባይነካትም፣ ፀሐዩ ዳሽቦርዷን እንደ ተረከዝ ሰነጣጥቆት የለ? ያኔ አንተ «ሁሉም አገር ድርሻውን ይበላል» ብለህ ነበር። የቱርኩ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

እዚህ ባሕሩ ዳር ጠዋት ይዘንባል፣ ቀትር ላይ በረዶ ይሆናል፣ ማታ ግራጫ ጭቃ ነው። ጨው በታኙ መኪና በቀን ሁለቴ ያልፋል። ጫማዬ ላይ ነጭ መስመር ይቀራል፣ ውሾች መዳፋቸውን እየላሱ ይሄዳሉ። የመጀመሪያውን ዓመት አጠብኳት፣ ከሥርም። በሁለተኛው ዓመት ፈረቃው በዛ፣ ድካሙ በዛ፣ «በሚቀጥለው ሳምንት» ማለት ጀመርኩ። የሚገርምህ፣ የምነዳውን አውቶቡስ ጋራዡ ውስጥ ያለው ማሽን በየቀኑ ከሥሩ ያጥበዋል። ይህን ቆሜ እያየሁ ነው የራሴን የረሳሁት።

ከዚያ ከበሩ ሥር የሚሄደው ላሜራ ላይ ቀለሙ አበጠ፤ እንደ አተር ፍሬ። በጥፍሬ ስነካው ረገፈ። ሳይቃጠል በቅጠል ነበር፤ ያኔ ብነግርህ ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው። እሑድ ደወልክ።

«መኪናዋስ?»

«ደኅና ናት።»

«ታጥቢያታለሽ?»

«አዎ።»

«ከሥር?»

«ከሥርም።»

«በይ እሺ።»

እንዲህ ነበር የጀመረው። አንተ «እንዴት ነሽ?» ብለህ ጠይቀኸኝ አታውቅም። የእሑድ ስልካችን መኪናዋ ናት፣ የአየር ጠባዩ ነው፣ «በይ እሺ» ነው። እኔ ጥያቄህን እንደ ፈተና እሰማው ነበር፤ በየሳምንቱ የምወድቀው ፈተና።

ቀዳዳው እጅ የሚያስገባ ሲሆን ያደረግሁትን ብትሰማ ትጮኻለህ። ጋዜጣ ጠቅጥቄ በስቱኮ ደፈንኩት፣ በላዩ ሰማያዊ ቀለም ረጨሁበት። ከዚያ ዓይኔን በጨው አጥቤ ወደ ዓመታዊው ምርመራ ወሰድኳት። መርማሪው ሽበታም ሰውዬ ነው፤ በመዶሻው እጀታ ኳ ኳ አደረገና ጆሮውን ቀና አደረገ። በመፍቻው ጫፍ ወጋ ሲያደርገው ስቱኮው ከነጋዜጣው ተዘረገፈ። አንዷን ገጽ አነሣና መነጽሩን አደረገ።

«ያለፈው ሳምንት ነው» አለኝ። «መኪናሽ ማንበብ ትወዳለች?»

ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን አንተን ነበር የማስበው፤ በጀርባህ ተኝተህ፣ ባትሪውን በጥርስህ ይዘህ። ሲኒካ መንገድ እንዳትወጣ ታገደች፤ እኔም በተጎታች አስጎትቼ ቤቴ ጓሮ ሸራ አለበስኳት።

በዚያው ዓመት ለገና በባቡርና በአውቶቡስ መጣሁ። ፌርማታው ላይ ቆመህ ከኋላዬ ታያለህ።

«መኪናዋስ?»

«መንገዱ ያንሸራትታል ብዬ ተውኳት።»

«እ» አልክ፤ ሻንጣዬን ተቀበልከኝ። ቤት ስንደርስ አየሁት። ከደጁ ላይ ለአንድ መኪና የሚሆን ቦታ በረዶው ተጠርጎ ጠርዙ በአካፋ ተስተካክሏል፤ የሞተር ማሞቂያውን ገመድ ከምሰሶው አውርደህ ዘርግተኸዋል። ሦስቱን ቀን በመስኮት ያን ባዶ ቦታ ሳይ ቆየሁ። በጭስ ያበሰልከውን ዓሣ ሳልጨርስ ተውኩት። ከዚያ በኋላ ፈረቃ አለብኝ፣ ጉንፋን ይዞኛል፣ ትኬት ጠፋ እያልኩ ቀረሁ። ሦስት ገና አለፈ። አባዬ፣ በእነዚህ ዓመታት አገሬን አልሜ ያልነቃሁበት ሳምንት የለም። የሳውናውን የእንጨት ጭስ ሽታ፣ አካፋህ በረዶ ሲቆርጥ የሚያሰማውን ድምፅ፣ አንተ ቤት ውስጥ ሆነህ ዝም ስትል ያለውን ዝምታ። አንድ ላሜራ ነው ሺህ ኪሎ ሜትር ያራቀኝ።

እና ማክሰኞ ከአውቶቡስ ጣቢያው የዕቃ መቀበያ ጠሩኝ። ከቁመቴ የሚረዝም፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ በገመድ የታሰረ ነገር። ልጅቷ «የበረዶ መንሸራተቻ ስኪ ነው?» አለችኝ። የእጅህን ቋጠሮ አውቀዋለሁና እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ፈታሁት። ከበሩ ሥር የሚገባው ላሜራ ነው፤ ተቆርጦ፣ ታጥፎ፣ ፀረ ዝገት ቀለም ተቀብቶ። ላንተ መደወል አቃተኝ። ለጎረቤታችን ለእትዬ አይላ ደወልኩ።

«ማን ነገረው?» አልኳት።

«ሞኝ ነሽ እንዴ? በታርጋ ቁጥሯ ኢንተርኔት ላይ ያለ ነገር ነው። በምርመራ መውደቋን በሳምንቱ አይቷል። ከፍቼ ያሳየሁት እኔ ነኝ።»

«አራት ዓመት ሙሉ ያውቃል?»

«አራት ዓመት ሙሉ።»

«ታዲያ ለምን እሑድ እሑድ መኪናዋስ ይለኛል?»

«ሌላ ምን ብሎ ይጠይቅሽ? አባትሽን አታውቂውም?»

እሷ ጀምራ ልትተወኝ አይደለም።

«በረዶ በጣለ ቁጥር ያቺን ቦታ ይጠርጋታል። ‹አንተ ኦይቫ፣ የማንን መኪና ልታቆም ነው?› ስለው ‹አካፋው እንዳይዝግ ነው› ይላል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገረው፤ ‹ከተሜ ሆናለች፣ አፍራብኝ ይሆናል› አለ። ዘንድሮ ሐኪሙ ዓይኑን አይቶ ከመጪው ገና ወዲያ ብየዳ የሚባል ነገር እንዳይነካ ነግሮታል። እሱም በጋውን በሙሉ ከእኔ ጋጣ ጀርባ የወደቀችውን የሲኒካን አምሳያ መኪና ሬሳ እየለካ ላሜራ ሲቆርጥ ከረመ። ይህን መደባበቅ ቁረጪው አንቺ ልጅ!»

አባዬ፣ ይህን በደንብ ስማኝ። ባንተ አፍሬ አላውቅም። አንተን አፍሬ ነው። በእጅህ ጠብቀህ የሰጠኸኝን እኔ በእጄ እንዳጠፋሁት እንዳታይ ነበር የሸሸሁት፤ አንተ ግን ገና ከመጀመሪያው አይተኸዋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለእኔ አራት ዓመት ፈጀ፣ ላንተ አንድ ሳምንት።

ሁለተኛውን ላሜራ ፈልጌ ጋዜጣውን ሁሉ ገለበጥኩት። የለም። ከዚያ ነው ወረቀቷን ያየኋት፤ በእርሳስ፣ በትልልቅ ፊደል፣ አምስት ቃል እንኳ የማትሞላ። «ግራ። ቀኙ እዚህ ነው።»

ስቄ አላውቅም እንደዚያ፣ አልቅሼም አላውቅም። ልጅቷ ውሃ አመጣችልኝ።

ብረት ሰብሳቢውን «አትምጣ» ብዬዋለሁ። የሥራ ባልደረባዬ ራይሞ መኪናውንና ተጎታቹን ያውሰኛል፤ ጨው መበተን ሳይጀምሩ፣ የፊታችን ዓርብ ሲኒካን ጭኜ እነሣለሁ። ቅዳሜ ከጨለመ እደርሳለሁና የደጁን መብራት አታጥፋው። ሦስት ሳምንት ፈቃድ ወስጃለሁ፤ አንተ ትበይዳለህ፣ እኔ ደግሞ ባትሪውን እይዝልሃለሁ፣ ዓይንህም እንዳይደክም የሚታየውን እነግርሃለሁ። ሲኒካ ስትድን እዚያው ትቆያለች፤ ሁለተኛ ወደዚህ ጨው አላመጣትም። እኔ ነኝ የምመላለሰው።

የፊታችን እሑድ እንዳትደውል፤ ማዶህ ተቀምጫለሁ። ግን እንደ ወትሮው ጠይቀኝ። «መኪናዋስ?» በለኝ። ታማለች እልሃለሁ። እኔም ናፍቆት አሞኝ ነበር እልሃለሁ። ከዚያ «በይ እሺ» ትለኛለህ።

ግራውን ይዤ የምመጣው፣
ልጅህ ቱሊያ