ቱሉ ሊጠልፍ ነው አሉ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ነሐሴ ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ውድ የሺመቤት፣

ጉዴን ከሰው አፍ ሳትሰሚው እኔው ልንገርሽ። ሲኒማ ቤት ውስጥ ተነሥቼ ጮህኩ። መጮህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ «እኔ አይደለሁም!» ብዬ ነው የጮህኩት። በመጽሔት የምጽፍልሽም ፖስታው ድሬዳዋ እስኪደርስ ወሬው ስለሚበርድብኝ ነው። አንባቢዎቼ ቢሰሙም ባዕድ አይደሉ።

ጥፋቱ የፊልሙ ነው። ታሪኩ ገና በሚመጣ ዘመን የሚሆን ነው፤ ቤት የምታክል መኪና ወንጀለኛውን ገና ወንጀሉን ሳይሠራ ታውቀዋለች። ደወሏ ይጮኻል፣ ቀይ መብራቷ ይዞራል፣ ስም ትጠራለች፤ ፖሊሶች ሰውየውን ቁርሱን ሳይጨርስ አንጠልጥለው ይወስዱታል። «ምን አጠፋሁ?» ሲላቸው «ገና ነህ!» ይሉታል። ታዲያ ያ መብራት ዞሮ ዞሮ ወደ ተመልካቹ ሲመጣ ጊዜ ብድግ አልኩ። አጠገቤ የነበሩት አባትሽ ነጠላዬን ስበው አስቀመጡኝና «ዝም ብትዪ ማን ያውቅብሽ ነበር?» አሉኝ።

እኔ አፍሬ ስመለስ እሳቸው ተመራምረው ተመለሱ። አቀበቱን እስክንጨርስ «ይኸ ነው እንጂ ብልሃት! ከተሰረቀ በኋላማ ሌባ መያዝ ማንን ያቅተዋል?» ሲሉ ነበር።

በማግስቱ ኮታቸውን ሊያስጠግኑ ወደ ቱሉ ልብስ ሰፊው ይሄዳሉ። ቱሉን ታውቂዋለሽ፤ እኅትሽ አገርነሽ በበሩ ባለፈች ቁጥር ጣቱን በመርፌ የሚወጋው። እሷም በዚያ በር ሳታልፍ ውላ አታውቅም። ለመስቀል ሽማግሌ ሊልክ የሰፈሩን አዛውንት አቶ ሰቦቃን ለምኖ መጨረሱን ከአባትሽ በቀር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ያን ዕለት ደግሞ እናትሽ በምስጢር ያዘዙትን የአገርነሽን ቀሚስ እያሰበ «የአገርነሽን ከራጉኤል በፊት መጥለፍ አለብኝ» እያለ ለብቻው ያጉተመትማል። የስፌት መኪናው ጠጠጠጠ ሲል ያችን አንዲት «የ» ዋጣት። አባትሽ ጆሮ የገባው «አገርነሽን ከራጉኤል በፊት መጥለፍ አለብኝ» የሚለው ነው። ደወሉ ጮኸ፣ ቀዩ መብራት ዞረ!

«ልትጠልፍ ነው?» አሉት።

ቱሉ ደነገጠ። «ማን ነገርዎት ጋሼ?»

«አታፍርም? በጠራራ ፀሐይ?»

«ማታማ በኩራዝ አይሆንልኝም።»

«ግብረ አበርህ ማን ነው?»

«ኧረ ብቻዬን ነኝ! ሌላ ሰው እጁን ካስገባበት ይበላሽብኛል።»

«ቆይ፣ እናቷ ይህን ስትሰማ…»

«እሳቸው አይደሉ እንዴ ያዘዙኝ!»

ከዚያ ወዲያ የአገርነሽ ከደጅ መውጣት ቀረ። ቦኖ ውሃ እንኳ አባትሽ ራሳቸው ባልዲ አንጠልጥለው ይወርዱ ጀመር፤ በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ቁልቁለት! ግማሹን ሱሪያቸው ላይ ደፍተው ሲመለሱ ሴቱ ሁሉ በነጠላው አፉን ይዞ ይስቃል። እናትሽንም በጎን እያዩ አላናግር አሉ።

አገርነሽ ግን አልሳቀችም። በአጥር ሳነጋግራት ዓይኗ አብጧል። «እትዬ ወርቅአየሁ፣ አባባ ልጄን ለጠላፊ አልሰጥም ብለው በራጉኤል ምለዋል» አለችኝ። የአባትሽን መሐላ ታውቂያለሽ፤ እንደ ሌላው ሰው መሐላ አይደለም።

በመጨረሻ ቱሉን ሽማግሌ ፊት አቆሙት። አቶ ሰቦቃ መሐል ተቀምጠው አባትሽን «ምን በደለህ?» አሏቸው።

«ገና ነው።»

«ገና ከሆነ ለምን ሥራ አስፈታኸን?»

«ይኸው ግብረ አበሩ፤ እሷን ጠይቋት!»

እናትሽ ወገባቸውን ይዘው ተነሡ። «አዎ፣ አዝዤዋለሁ! የጎረቤት ልጅ ሁሉ ተጠልፎላት የኔ ልጅ ባዶዋን ራጉኤል ትውጣ?»

«ተጠልፎላት?» አሉ አቶ ሰቦቃ። ያችን «ላ» መሬት እንደ ወደቀች መርፌ ለቀም አደረጓት።

ቱሉ ሮጦ ቀሚሱን አመጣና ዘረጋው። ከደረቱ እስከ ጫፉ አረንጓዴ ሐረግ ወርዶበታል፤ የሺዬ፣ ብታዪው! አባትሽ ገልብጠው ውስጡን ሁሉ መረመሩ። ሳቁ ቤቱን ሲሞላው አቶ ሰቦቃ አጋጣሚውን አልለቀቁትም። «በል እንግዲህ ገረሱ፣ መስቀልን ምን አስጠበቀኝ? ልጅህን ለቱሉ ስጠን።»

አባትሽ አቀረቀሩ። «ምያለሁ። ለጠላፊ አልሰጥም ብያለሁ። ይኸውላችሁ፣ ጠላፊ ነው፤ ጥልፉ ፊታችሁ ተዘርግቷል!»

ሳቁ ቀጥ አለ። ያኔ አገርነሽ ከጓዳ ብቅ አለች።

«አባባ፣ በዚያ ፊልም ቅጣቱ ይቀድማል ብለውኝ የለ? እኔ ቅጣቴን ጨርሻለሁ። የቀረኝ ወንጀሉ ነው። ቱሉ ድፍረቱ ከሌለው እኔው እጠልፈዋለሁ!»

አባትሽ እሷን አዩ፤ ቱሉን አዩ፤ ዣንጥላቸውን አነሡ። «የንስሐ አባቴ አባ ወልደ ሐዋርያት እንጦጦ ራጉኤል አይጠፉም። መሐላዬን ይፍቱኝ!»

«በዚህ ዝናብ?» አሉ እናትሽ።

«ደወሉ ጮኋል እኮ!»

ይህን ስጽፍልሽ ገና ከተራራው አልወረዱም። ቱሉ መርፌ መያዝ ትቷል። አገርነሽ ከበሩ ቆማ በባሕር ዛፉ መሐል ጥቁር ዣንጥላ ትፈልጋለች። የንስሐ አባታቸው ምን እንዳሉ ከአባትሽ አፍ እንደ ሰማሁ፣ አንዲት «የ» ሳልጥል እጽፍልሻለሁ።

«እኔ አይደለሁም» ያለችው ወዳጅሽ፣
ወርቅአየሁ