ሙቀት የማያውቅ ጣት

ኅዳር 3
ሊዝበን ዝናብ ነው። ስኳሩ እርጥበት ስቧል። የድምብላል ፍሬ በስኳር ስናለብስ ዋልን፤ አንዱ ሽፋን ሳይደርቅ ሌላውን መደረብ አይቻልም።
የስኳሩን ብስለት በጣቴ ለካሁ፤ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ የሚፈላው ስኳር፣ መልሶ ቀዝቃዛ ውሃ። አርባ ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት። ምራቴ ግዮማር ታሾፋለች። «አባባ፣ ለሲኦል እየተለማመዱ ነው?»

ኅዳር 5
ውሃውን ረሳሁት። ደረቅ ጣቶቼን ከተትኩ። ግዮማር ጮኸች። እኔ ግን... ምንም። ቆዳው ተላጠ፤ ሕመም የለም።
«ጉድ ነዎት እኮ!» አለች። ሳቅሁ።

ኅዳር 6
ጽሑፌ ዶሮ የጫረችው መስሏል። ሁለቱ ጣቶቼ በጨርቅ ታስረዋል።
በርሜል ሠሪውን ባስቲያውን ሕመሙ እንዴት ነበር የጀመረው? ጣቱ ደነዘዘ። ሐኪሙ በመርፌ ወጋው፤ አልጮኸም። በሳምንቱ ከከተማ ውጭ፣ ለምጻሞች ቤት አስገቡት። ሚስቱ አልጋውን አቃጠለች።
እኔስ? ሰው የሚበላውን እኮ ነው የምነካው... ሚስቴ ቪዮላንቴ በሕይወት ብትኖር ለእሷ እነግራት ነበር።

ኅዳር 8
የልጅ ልጄ ማፋልዳ እቀፈኝ ብላ እጇን ዘረጋች። «ሥራ ላይ ነኝ» አልኳት። ሥራ አልነበረኝም።

ኅዳር 9
መርፌ አገኘሁ። ክንዴን መውጋት አቃተኝ። ባይሰማኝስ?

ኅዳር 11
ግዮማር በሩን ዘጋችው።
«አባባ፣ ልጅቷን ፊት ነሷት። ተቀየሙን?»
«አልተቀየምኩም።»
«ታዲያ ምን ደበቁኝ?»
ነገርኳት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። አየኋት። አልፈረድኩባትም።
«ሐኪም ጋ እንሂድ።»
«ሬሳዬን ትወስጂ እንደሆነ!»
«እንግዲያው እኔው እወጋዎታለሁ።» ዓይኔን በጨርቅ አሰረችኝ። ጠበቅሁ። «ወጋሽ ወይ?» «ሦስቴ።» ላብ አጠመቀኝ። «የት?» «ጣትዎን።» ከዚያ የእጄ አንጓ ላይ... አገር የሚያፈርስ ጩኸት! እግሬን ስትወጋኝማ ቅዱሳኑን ሁሉ ተሳደብኩ። እሷ እያለቀሰች ትስቃለች።

ኅዳር 12
ከግዮማርና ከማፋልዳ ጋር ሐኪም ቤት ሄድን። ከዚህ ክፉ ጠዋት አላሳለፍኩም። ሐኪሙ እጄን ገለባበጠ፣ ፊቴን በጣቱ ዳሰሰ።
«ሌላው ጣት ይሰማዎታል?»
«አዎ።»
«የሞቱት ስኳር ውስጥ የሚነክሯቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው። አርባ ዓመት የቀቀሉት ጣት ምን እንዲሰማው ይፈልጋሉ፣ ሽማግሌው? ለምጽ አይደለም።»
ወጥቼ ግድግዳ ተደገፍኩ። ማፋልዳን ቤት እስክንደርስ በትከሻዬ ተሸከምኳት።

ኅዳር 15
ስኳሩ ፈላ። እጄ በልማዱ ወደ ድስቱ ሄደ... መለስኩት።
ግዮማር ጣቷን ውሃ ነከረች፣ ስኳሩ ውስጥ ሰደደች፣ አወጣች። ከንፈሯን ነከሰች።
«እህስ?» አልኳት።
«ክር አወጣ፣ አባባ፤ በስሏል። ያውርዱት።»
ድስቱን አወረድኩ። በራሴ ጣት ደግሜ አልፈተንኩትም።