ባለቤት ያጣ ዓረፍተ ነገር

ውድ እትዬ አያልነሽ፣

ዛሬ ማክሰኞ ጠዋት ከካንሰር ክሊኒኩ ነርሷ ደውላልኝ ነበር። ሁለት ጊዜ የቀሩበት ሦስተኛው ኬሞ ለሚመጣው ሰኞ ተይዟል። ይምጡ አይምጡ እስከ አርብ ማሳወቅ አለብዎት።

ስልኬን ስለማያነሱ ነው የምጽፈው። ይህን ልጅዎ ሶልያና ታደርስልዎታለች። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ መኪናዋ ጋ አቁማኝ፣ "አንክል፣ ማሚ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ እየጠጣች ነው። ላይክ፣ ኤቭሪ ሞርኒንግ። ካንሰሩ ፈንገስ ነው ትላለች" አለችኝ። ማን ነገራቸው ብዬ ጠየቅኋት።

"ዩ ዲድ! አንተ ነሃ!"

እስከዚያ ድረስ የምወቅሰው ወዳጅዎን ቴዲን ነበር። "ካንሰር ፈንገስ ነው፤ ሶዳ ይገድለዋል" የሚለውን ቪዲዮ በቴሌግራም የላከልዎት እሱ ነውና። ለመጨረሻ ጊዜ በስልክ ስናወራም ለምን እንደሳቁብኝ አልገባኝም ነበር። "አንተ ጋዜጠኛ! በአፍህ ያልከውን ዛሬ ልትክድ? ሐኪሙ ራሱ አምኗል፤ የተረጎምክልኝም አንተው ነህ!" አሉኝ። እኔም "እንግዲያው ቴዲ ያክምዎት!" ብዬ ዘጋሁብዎት። ይቅር ይበሉኝ።

ከሶልያና ከተለየሁ በኋላ ኦሮራ ክሊኒኩ አብረን የሄድንበትን ያንን ቀን መላልሼ አሰብኩት። ከሁለተኛው ኬሞ በኋላ አፍዎ ውስጥ ነጭ ነገር ወጥቶ ምግብ አልዋጥ ብሎዎት ነበር። ክሊኒኩ አስተርጓሚ በስልክ ላቅርብ ሲል፣ "ወንድሜ እያለ የምን ስልክ? ሃያ ዓመት ጋዜጣ ያረመ ሰው!" አሉ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ኮራሁ።

ሐኪሙ ረዘም አድርጎ ነው ያስረዳው። ኬሞው ሰውነትዎ በሽታ የሚከላከልበትን አቅም ስላዳከመው አፍዎ ላይ ፈንገስ እንደወጣ፣ በሚጉመጠመጡት መድኃኒት በሁለት ሳምንት እንደሚጠፋ ተናገረ። እኔ ደግሞ ኮሜርስ ሲቲ ባለው መጋዘን ሥራ የምገባበት ሰዓት ደርሶብኝ ሁሉንም አሳጠርኩት። "ፈንገስ ነው፤ በመድኃኒት ይድናል" አልኩዎት።

"ፈንገስ ብቻ? ተመስገን!" ብለው አማተቡ። ሊትልተን፣ ቤትዎ እስክንደርስ መኪና ውስጥ መዝሙር ሲያንጎራጉሩ ነበር። ደስታዎ ስለ አፍዎ መስሎኝ ነበር።

ምኑ ነው ፈንገስ? ምኑ ነው የሚድነው? አልተናገርኩም። ሃያ ዓመት ሙሉ በሰው ጽሑፍ ላይ "ባለቤቱ የት አለ?" እያልኩ በቀይ ስጽፍ የኖርኩ ሰው፣ ለገዛ እህቴ ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር ሰጠሁ። የቴዲን ቪዲዮ ያመኑትም በዚያ ዓረፍተ ነገር የተነሣ ነው።

ጋዜጣ ሲሳሳት እርማት ያወጣል። የእኔ ይኸው፦ አፍዎ ውስጥ የነበረው ፈንገስ ነው። ጡትዎ ውስጥ ያለው ካንሰር ነው። በሁለት ሳምንት ይጠፋል የተባለው የአፍዎ ነው። ቁስል ላይ ዝንብ ብትገኝ ቁስሉን ያመጣችው እሷ አይደለችም።

ስለ ሶዳውም ነርሷን ጠይቄያታለሁ። አልሳቀችም። በውሃ በጥብጦ አፍን መጉመጥመጥ እነሱም ያዛሉ። መጠጣቱ ግን ካንሰሩን አይነካውም፤ ሲበዛም ይጎዳል። በየቀኑ እንደሚጠጡት ለሐኪሙ መነገር አለበት ብላለች።

ኬሞው እንዴት እንደሚያደርግዎት አይቻለሁ፤ ሲያስመልስዎት ባልዲውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ፈንገስ ቢሆን እኔም በወደድኩ፣ እትዬ።

ሰኞ ከመጡ አማርኛ የምትናገር የክሊኒኩ አስተርጓሚ ትኖራለች፤ ጠይቄ አስይዣለሁ። የሚጠራጠሩትን ሁሉ፣ ቪዲዮውንም ጭምር፣ እሷን ይዘው ሐኪሙን ይጠይቁት። እኔ እነዳለሁ፤ ጥግ ይዤ ዝም እላለሁ። ባይመጡም ወንድምዎ ነኝ፤ ስልክ አልዘጋብዎትም።

አሁን የምፈልገው አንድ ቃል ነው፦ "እመጣለሁ" ወይም "አልመጣም"። የሁለቱም ባለቤት እርስዎ ነዎት። ነርሷ እስከ አርብ ትጠብቃለች።

ወንድምዎ ሕሩይ