የማድረቂያው ምዕራፍ

ሰይድዬ፣

አንተን ከቀበርን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። ቤቱ እንደነበረ ነው ልልህ አሰብሁና ውሸት ሆነብኝ። የጓሮው ማንጎ ተቆርጧል፤ ልጃችን ሐያት አግብታ ፋሲሎ ሰፈር ገብታለች፤ አንተ ከማስተማር ስትመለስ ማታ ማታ የጻፍኸው የጠፈር ልቦለድም ፊልም ሆኗል። ደስ ያለኝ እንዳይመስልህ። ተናድጃለሁ። ምኑ ይቀየር፣ ምኑ ይቅር ሳትለኝ ስለ ሄድህ በአንተም ጭምር።

ፊልሙን ሊሠሩ ከአዲስ አበባ የመጡት ልጆች በር ላይ ቆመው ልቦለድህን በቃላቸው ሲወጡት ልቤ ቀለጠ። ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ውሉን ፈረምሁላቸው። ያን ሁሉ ረቂቅህን አምስት ጊዜ በእጄ ጽፌ የገለበጥሁ ሴትዮ፣ ያችን አንዲት ወረቀት አላነበብኋትም። ወረቀቷ ለካ የፈለጉትን መቀየር ይችላሉ ትላለች።

የልቦለድህ ዓሣ አጥማጅ በደንገል ታንኳ ከኮከብ ኮከብ ሲጓዝ ጨለማው እንደ ውኃ ወደ ደንገሉ እየሰረገ ያከብደዋል። ስለዚህ አንድ ፀሐይ አጠገብ በደረሰ ቁጥር ታንኳውን አቁሞ ያደርቃል፤ እስኪደርቅም ቁጭ ብሎ የቤቱን ሰው ያስባል። የባሕር ዳር ተማሪ ሁሉ የሚወደው ያን ምዕራፍ ነው። የፊልሙ አዘጋጅ ታዲያ ቆረጠው። ፊልሙን ያንቀራፍፈዋል አለኝ። ለመንሁት፣ ተቆጣሁት፣ ስልክ ዘጋሁበት። ድንጋይ ላይ ውኃ ማፍሰስ ሆነብኝ።

ለጣና ዳሩ ቀረጻ ወንድምህ ዑመር እውነተኛ ታንኳ ሠራላቸው። ማታ ማታ ከውኃ አውጥታችሁ አቁሙት፣ ደንገል ውኃ ይጠጣል ብሎ ነገራቸው። እሺ አሉት። በገመድ አስረው ውኃው ላይ ተዉት። መጽሐፉን በቃላቸው የሚያውቁት እኮ ናቸው! በስድስተኛው ቀን ተዋናዩ የጠፈር ልብሱን ለብሶ ሲቀመጥበት፣ ታንኳው ቀስ ብሎ ከነሰውየው ሰመጠ። ውኃው ወገቡ ድረስ መጣ። ዑመር ፊቱን አዞረ። እኔ ሳቅሁ፤ ስቄ ስቄ አለቀስሁ። አሁንስ ይገባው ይሆናል ብዬ አዘጋጁን ባየው፣ ችግር የለም፣ በኮምፒውተር እንሠራዋለን አለ።

ያ ምዕራፍ ለምን እንዲህ እንደሚያንገበግበኝ አንተ ታውቃለህ። እግርህ ውኃ ቋጥሮ አልጋ ላይ በዋልህባቸው ወራት፣ ጠዋት ጠዋት አውጪኝ፣ ልድረቅ ትለኝ ነበር። ግቢው ውስጥ ግድግዳው ሥር ምንጣፍ አነጥፍና ደግፌ አወጣሃለሁ። አንተ ፀሐይ ስትሞቅ እኔ አጠገብህ ሽንኩርት እየላጥሁ እነጫነጭብሃለሁ። በመጨረሻው ቀን ግን እንግዳ ይመጣል ብዬ ቤት እየጠረግሁ ነበር። ቆይ፣ ትንሽ ቆይ አልሁህ። ቆየህ። ፀሐይዋ ከግቢው ዞረች። አመሻሹ ላይ ሄድህ። እስከ ዛሬ ያን ቀን ያስታወስሁ እንደሆነ ምላሴን እረግመዋለሁ።

የሰመጠውን ታንኳ ከዑመር ጋር ጎትተን ቤት አመጣነው። ምንጣፍህ በነበረበት ቦታ ግድግዳው ላይ አስደግፌው፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ፀሐይ አዞረዋለሁ። ዑመር በስብሷል፣ ጣይው ይለኛል። አልጥለውም።

ፊልሙ የሚታይበት ቀን ደርሷል። ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ቃል እንድናገር ጠርተውኛል፤ አጭር ይሁን ብለዋል። እሺ አልኋቸው፤ እነሱም ዑመርን እሺ ብለውት ነበር። መጽሐፍህን ይዤ መድረኩ ላይ እወጣለሁ። ምዕራፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ፤ አንዲት መስመር አልዘልም። የሚያዛጋ ያዛጋ፣ የሚወጣም ይውጣ። እስትንፋሴ እስካለች ያን ምዕራፍ ከአፌ የሚነጥቅ የለም።

አላህ ቀብርህን ያብራልህ፣ ሰይድዬ። ከእንግዲህ አንተን ቆይ አልልህም። ታንኳው እስኪደርቅ እነሱ ይቆዩ።