በር ማስደገፊያው ብረት

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

በዚያ በብርዱ አገር እንዴት ከረምክልኝ? እኛ፣ አክስታችንን ጉልበቷን ከማመሙ በቀር ደህና ነን።

ባቡር መጀመሪያ ወደ ከተማችን እንዴት እንደገባ የጀመርኩትን ጥናት አልተውኩም። አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ ብሏል። ሐዲዱ ከድልድዩ ቀጥ ብሎ ይመጣና የአያታችን አትክልት ቦታ አጠገብ ሲደርስ ይታጠፋል። ኮረብታ የለ፣ ወንዝ የለ። መቼም ሐዲድ እንደ ሰው አኩርፎ አይዞርም!

ያኔ ለሐዲዱ ቀያሾች ችካል ይሸከሙ የነበሩትን ሽማግሌ ጠየቅኳቸው። "ቁጥር የተመታባቸውን የብረት ችካሎች በእናንተ አትክልት መሀል ተክለን አመሸን። ጠዋት ስንመለስ በጎረቤታችሁ በመበለቲቱ ግቢ ተተክለው አገኘናቸው። የእሷ ቤት ፈረሰ። አንዷ ችካል ግን እንደጠፋች ቀረች" አሉኝ።

እራት ላይ ይህን ለአክስታችን ባጫውታት፣ "የሙታን አጥንት ምን ያስቆፍርሻል?" ብላ ሳህኔን አነሳችው። ገና አልጠገብኩም ነበር።

ሌላው ወሬ ደህና ነው። ጣራው ታድሷል፤ ልጆቹም አድገዋል። የሳሎኑ በር ብቻ ከዚያ እራት ወዲህ ነፋስ በመጣ ቁጥር ጓ እያለ ይዘጋል። በሩን የምናስደግፍበት፣ አንተ በልጅነትህ በላዩ በተመታው ቁጥር መለየት የተማርክበት ያ ብረት የለም። አክስታችንን ብጠይቃት፣ "የምን ብረት?" አለችኝ።

ቁጥሩ ስንት እንደነበር ትዝ ይልሃል? እንዲያው ነው የምጠይቅህ።

ጤናህን አይንሳህ፤ ዓይንህን ለማየት ያብቃን። መልስህን ግን በቤት አድራሻ አትላክ።

እህትህ