ጎፈር የተጠለፈባት አንበሳ

ደብረ ማርቆስ
መጋቢት 12 ቀን 2003 ዓ.ም.

ይድረስ ትዳሩን ጥሎ አዲስ አበባ ለገባው፣ እዚያም ዲዛይነር ለተባለው ለመሳፍንት፤

ጤናውን እግዜር ይስጥህ፤ ሌላ ሌላውን ከሰው ወስደህ ታሟላዋለህ።

ጎረቤታችን ነጋዴው እንዳላማው ከሱቅህ የገዛውን ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ደረቱ ላይ የራሴን አንበሳ አየሁ። «ጥልፉን ከየት አመጣኸው ብለው፣ በሕልሜ ታየኝ አለኝ» አለ። ሕልምህ የእኔ የንድፍ ደብተር ነው፤ የዛሬ ሁለት ዓመት ስትሄድ ከሻንጣህ የወሸቅኸው!

ደግሞ ጎፈር ጨመርክባት! እኔ የሳልኋት እኮ እንስት ናት። አድና የምታበላው እሷ ናት፤ ወንዱ ጎፈሩን አንጨብርሮ ጥላ ሥር ይተኛል። እኔ የስፌት መኪናዬን ስረግጥ አንተ ግድግዳ ተደግፈህ ፀሐይ ትሞቅ አልነበር? ያኔ ነው የሳልኋት። ማንን እያየሁ እንደሆነ እንኳ አልገባህም።

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ትለኝ ነበር። የወንዱ ዕውቀት ቶሎ አለቀና ከሴቲቱ ደብተር ገባህ።

የካቲት 29፣ በሴቶች ቀን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቀሚስ አሰፉኝ፤ ትከሻው ላይ ደቦሏን በአፏ ያንጠለጠለች አንበሳ። በሰልፍ ሲያልፉ መንገድ ዳር የቆሙት ወንዶች «ኧረ ሴቱ ሁሉ አውሬ ለበሰ!» እያሉ ተሳሳቁ። አጠገቤ የነበሩት እናትህ፣ እማማ ወለተ ኪዳን፣ ምርኩዛቸውን መሬት መቱና፣

«ለእኔም ጠልፊልኝ» አሉ ጮክ ብለው። «ስድስት ልጅ ያሳደግሁ እኔ፤ አንበሳ የተባለው አባታቸው!»

ሳቁ ቀጥ አለ። ጠለፍሁላቸው፤ እሑድ ለብሰውት ማርቆስን ተሳለሙ።

«የነብርና የንስር ንድፍ ላኪልኝ» ብለህ በእንዳላማው ልከህብኛል። ሐፍረት የሚባል ነገር አባይን ስትሻገር ወደቀብህ? አልልክም። ነብሩንም ንስሩንም ለአራት ልጃገረዶች እያስተማርኋቸው ነው። መጀመሪያ ያስጠናኋቸው ግን ከሥራቸው ግርጌ ስማቸውን መጥለፍ ነው።

እናትህ «እግሩን ከእንቅፋት ይጠብቀው» ብለዋል። እኔም አሜን ብያለሁ፤ ትልቅ ሰው ሲመርቅ ዝም ማለት ነውር ስለሆነ ነው።

ከደብዳቤው ጋር ያለው ኮት ያንተ ነው። ልክህን ማንንም አልጠየቅሁም። የግራ እጅጌውን ጥቂት አስረዝሜዋለሁ፤ ክንድህ እኩል እንዳልሆነ እዚያ ማን ያውቅልሃል?

የንድፉም ያንተም ባለቤት፣
የብርጓል