ጉድባውን ሙሉት ብለሃል ወይ?

አይ አባዬ፣ ቀድሞ የጮኸው እሱ ነው። አጎትሽ ነው፣ ዝቅ በይ እንዳትለኝ፤ እኔ ዝቅ ብዬ ነው የጀመርኩት። ወንድምህ ጋሼ ተካ ግን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ይቺ ምላሷ ከትምህርት ቤት አስወጣቻት፣ አሁን ደግሞ ከሰፈር ታስወጣታለች አለኝ። ማንም አላስወጣኝም፣ በራሴ እግር ነው የወጣሁት አልኩት። በዚያው ተያያዝን።

እንዴት ነህ ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ከሄድክ ሁለተኛው ክረምት እየወጣ ነው። እማዬ ደህና ናት፣ ጉልበቷ ብቻ ነው ያስቸገራት። እኔ ከዘጠነኛ ክፍል ወጥቼ ቦንጋ መናኸሪያ አጠገብ ሰልባጅ ልብስ እሸጣለሁ። ደንበኛ ትሳደባለች ይሉኛል፤ ተመልሰው ግን ይመጣሉ።

ጠቡ ምን መሰለህ፣ ነገ ጠዋት ሎደር ሊመጣ ነው። ሰፈራችንን የከበበውን፣ የድሮ ነገሥታት ጠላት እንዳይገባ ያስቆፈሩትን ጉድባ፣ ልክ የድሮው በር የነበረበት ጋ በአፈር ሊሞሉት ነው፣ ባጃጅ እስከ ደጅ እንዲገባ። ጋሼ ተካ ደግሞ፣ ሆስፒታል ተኝተህ ሳለ ሙሉት ብለህ ለእሱ ብቻ ነግረኸዋል ብሎ ይምላል። አንተ?

በሩ ከጠፋ ስንት ዘመኑ፣ አንተ ግን ስትገባም ስትወጣም እዚያ ቆመህ፣ ጉሮሮህን ጠርገህ፣ በቋንቋችን በካፊኖኖ ልለፍ ወይ ብለህ ትጠይቅ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ይጠይቃሉ፣ አንተ ግን ጆንያ ተሸክመህ እንኳ ሳትጠይቅ አታልፍም። ማንን ነው የምታስፈቅደው ስልህ፣ ጦርነቱ ማለቁን ማንም ያልነገረው አንድ ዘበኛ አለ አልከኝ። እሁድ እሁድ ጉድባውን ውስጥ ለውስጥ ይዘኸኝ ስትዞር፣ ጉሬዛዎቹ ከላይ እያዩን፣ ይሄን ሁሉ በእጅ ነው የቆፈሩት ብለህ ግድግዳውን መታ መታ ታደርገዋለህ፣ የበሬ ጎን ይመስል።

ትናንት ብቻዬን ወረድኩ። ከእንሰታችን ስር ጀምሬ እስከ ወንዙ ድረስ ሄድኩ። ቀሚሴ ተቀደደ፣ አንድ ጫማዬን ጭቃው ዋጠው። ታች ጋ ጉድባው ራሱ ተደርምሶ ሜዳ ሆኗል፤ መንገዱ በዚያ ቢዞር በሩን አይነካም። ሮጬ መጥቼ ስብሰባው ላይ ተናገርኩ። ጋሼ ተካ፣ የነገሥታቱ ልጅ በአንድ ጫማ መጣች ብሎ አሳቀብኝ። ዙሩ እኮ በእትዬ አስቴር የቡና ማሳ መሀል ነው፣ አንድ እግር ቡና ንኩና እናያለን አለ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ መንገድ ቢኖር አምቡላንሱ ደጃፍ ድረስ ይመጣ፣ አባትሽም ይተርፍ ነበር አለኝ። አባትሽን በቃሬዛ በዚያ ጭቃ ቁልቁል አውርደን ሽቅብ ስናወጣው አንቺም ነበርሽ አለ።

ለሁሉም መልስ ያለኝ እኔ አጎንብሼ የቀረኝን አንድ ጫማ አወለቅኩ። እማዬም አቀረቀረች። ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም። ዛሬ ልብሱን ዘርግቼ ሳልሸጥ ሰበሰብኩት፣ ጉድባው ጋ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ሄድኩ።

ምናልባት ብለህ ይሆናል። ግን ያን ቀን ቃሬዛው ላይ ሆነህ በሩ ጋ ስንደርስ ጉሮሮህን ልትጠርግ ሞከርክና ሳል ያዘህ። ተሸካሚዎቹም፣ ጋሼ ተካ ራሱ ከፊት ሆኖ፣ ዝናብ እየመታቸው ቆመው ጠበቁህ። እንደዚያ ያደረገ ሰው ሙሉት ይላል? ወይስ ያኔ ነው የቆረጠልህ?

እኔ አንተን አልረሳም። መንገዱ ወጣም አልወጣም እዚያ ስደርስ ቆሜ አስፈቅዳለሁ፤ ባጃጅ ውስጥ ብሆን እንኳ ሹፌሩን አስቆመዋለሁ፣ ከፈለገ ይሳደብ። ሙሉት ካልክ ነገ ከቤት አልወጣም። ካላልክ ግን ሎደሩ ፊት እቆማለሁ፣ ጋሼ ተካም ያንሳኝ። እውነቱን የምታውቀው አንተ ነህ፣ ጊዜ ደግሞ የለኝም። ስልክህ እኔ ጋ ነው፣ አውቃለሁ፤ እዚያ ካለ ሰው ተዋስና ሳይጨልም ደውልልኝ።